መስመሩን ከመውቀሳችን በፊት ራውተራችንን እንለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በልደታ አካባቢ የመኖሪያ ቤትና የአነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ የምንዘረጋ ባለሙያዎች ነን። "ኢንተርኔቱ አይሠራም" ሲባል ጣት የሚቀሰረው መስመር አቅራቢው ላይ ነው። መስመር ይቆረጣል፣ ይዋዥቃል፤ ይህን አንክድም። ግን እስከ ቤቱ ደጃፍ በደህና የደረሰ ፍጥነት ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ባለች አጭር ርቀት ሲባክን ጠያቂ የለውም። ደንበኛው ፓኬጁን ከ10 ሜጋ ወደ 25 ሜጋ ያሳድጋል፣ ወርሃዊ ሂሳቡ ይጨምራል፣ መኝታ ቤት የተኛው ልጅ ስልክ ላይ ያለው ቪዲዮ ግን እንደ ድሮው ይሽከረከራል። ችግሩ ያለው ዋይፋይ የሚያሰራጨው ራውተሩ፣ የተቀመጠበት ቦታ ወይም አሠካኩ ላይ ስለሆነ ነው።

ከሱቁ እንጀምር። መርካቶም ሆነ ፒያሳ መደርደሪያ ላይ ዓይን የሚስበው አራት አንቴና ያለውና ሣጥኑ ላይ ኤሲ1200 ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ነው። ይህ ቁጥር የሁለት ሞገዶች ድምር ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ሲደመር 1167፣ ሲጠጋጋ 1200። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ሞገድ ብቻ ስለሆነ ድምሩን የሚያገኝ ስልክ የለም። 867 የሚባለውም በአየር ላይ ያለው የግንኙነት ፍጥነት እንጂ ፋይል የሚወርድበት ፍጥነት አይደለም። ራውተሩ አጠገብ ተቁሞም ቢሆን ለተጠቃሚው የሚደርሰው ግማሹ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለው ነው። በርካሽ ስልኮች ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ የዋይፋይ አንቴና ብቻ ስለሆነ ግንኙነታቸው ከመነሻው ከ433 አያልፍም።

አንቴናውም እንዲሁ ያሳስታል። ከአራቱ ሁለቱ ለ2.4፣ ሁለቱ ለ5 ጊጋኸርዝ ናቸው። ስለዚህ አራት አንቴና ያለው ኤሲ1200 በእያንዳንዱ ሞገድ ሁለት የመረጃ መንገድ ነው ያለው፤ ሁለት አንቴና ብቻ ከሚታይበት የዚያው ደረጃ ራውተር ጋር በዚህ እኩል ነው። አንቴና ቆጥሮ ዋጋ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

ሣጥኑ ፊት ላይ በትልቁ የማይጻፈው፣ ግን ራውተርን ከራውተር በእርግጥ የሚለየው የኬብል ፖርቱ ፍጥነት ነው። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም ኤሲ1200 ይባላሉ። የሲ50 ፖርቶች 100 ሜጋ፣ የሲ6 ፖርቶች ደግሞ 1000 ሜጋ ናቸው። 100 ሜጋ ፖርት በተግባር የሚያሳልፈው 94 ሜጋ ያህል ነው፤ ዋይፋዩ 867 ቢልም ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት በዚያች በር ብቻ ያልፋል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው ውዱን ይግዛ ማለት አይደለም። መስመሩ 10 ወይም 25 ሜጋ ለሆነ ቤት 100 ሜጋ ፖርት ከበቂ በላይ ነው፤ ትርፉን ገንዘብ ለጥሩ ኬብልና ለመጠባበቂያ ባትሪ ቢያውሉት ይሻላል። 1000 ሜጋ ፖርት የሚያስፈልገው መስመሩ ከ100 ሜጋ በላይ ሲሆን፣ ወይም ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል ሲተላለፍ ነው። ቪዲዮ የሚቆርጡና ፎቶ ቤት ያላቸው ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራውን፣ 300 ሜጋ የሚል የተጻፈበትን ርካሽ ራውተር ለኮንዶሚኒየምና ለፎቅ ቤት አንመክርም። ለብቻው በቆመ ግቢ ውስጥ ግን ደህና ያገለግላል። ከኤሲ ቀጥሎ የመጣው ዋይፋይ 6 የሚባለው ትውልድ ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ለሚጠቀምበት ቤት ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ሙሉ የሚሆነው ግን ስልኩና ላፕቶፑም ዋይፋይ 6 ሲሆኑ ነው።

አዲስ ራውተር ከመግዛት በፊት ያለውን መለካት ይቀድማል፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መጀመሪያ ላፕቶፕ በኬብል ከአቅራቢው ሞደም፣ ማለትም መስመሩ ቤት ገብቶ ከሚያርፍበት ዕቃ ጋር ይገናኝ፣ የቤቱ ስልኮች ሁሉ ዋይፋያቸው ይዘጋ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይለካ። ሁለተኛው ልኬት በዋይፋይ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቅሬታ ባለበት ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ይወሰድ። በኬብል የተገኘው ከተከፈለበት በታች ከሆነ ጉዳዩ የአቅራቢው ነው፤ ልኬቱን ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ኬብሉ ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከወረደ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የቻናሉ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ ክፍል ነው። ሁለቱ ደህና ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከወረደ የግድግዳና የቦታ ጉዳይ ነው። በአንድ ሰዓት ብቻ የተወሰደ ልኬት ግን አያስተማምንም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሚገኘው ውጤት ከረፋዱ የተለየ ነው።

ከፍጥነቱ ጋር የሲግናሉን ጉልበት ማየት ይጠቅማል። አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መለኪያ አፖች በዲቢኤም ያሳዩታል፤ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። −50 ግሩም ነው። እስከ −67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ አይንተባተብም፤ −75 ላይ ጽሑፍ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን ይቆራረጣል፤ ከ−80 በታች ስልኩ ተገናኝቻለሁ እያለ ምንም አይከፍትም። 3 ዲቢ መቀነስ ማለት ጉልበቱ በግማሽ ወረደ ማለት ሲሆን 10 ዲቢ መቀነስ ደግሞ አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ብረት የበዛበት አንድ የኮንክሪት ግድግዳ ብቻውን ከ10 ዲቢ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ክፍት ብሎኬትና እንጨት ግን ያን ያህል አይጎዱም።

የቤቶቻችን አሠራር እዚህ ላይ ይገባል። በልደታ ኮንዶሚኒየሞችና በካዛንቺስ ፎቆች ውስጥ ሲግናል የሚገድሉት የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ የአሳንሰርና የደረጃ ግድግዳዎች እንዲሁም የብረት በሮች ናቸው። በፒያሳና በአራት ኪሎ የቀሩት የጭቃና የእንጨት ቤቶች ግድግዳቸው ለሲግናል ቀላል ነው፤ ቆርቆሮ ግን ጨርሶ አያሳልፍም። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ክፍል የሚሄድ ሲግናል በሁለት የቆርቆሮ ክዳን መሃል በመስኮት በኩል ካልሆነ አይደርስም። የውሃ ሮቶ፣ ትልቅ መስታወትና ፍሪጅም በመንገዱ ላይ ከቆሙ ይከለክላሉ።

ብዙ ቤት ራውተሩ የሚገኘው ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፤ አቧራ እንዳይነካውም ዳንቴል ይደረግበታል። ለሳሎኑ ውበት የታሰበ ነገር መሆኑን እናከብራለን። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ብረት ሲግናሉን ወደ አንድ ጎን ይጋርደዋል፤ ዳንቴሉ ደግሞ ከላይና ከጎን ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይደፍናል። የጋለ ራውተር በራሱ ጊዜ ይነሳል ወይም ዋይፋዩ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ ይቀራል። ከወለል ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ፣ ለቤቱ መሃል በቀረበ ግድግዳ ላይ፣ ገልጦ መስቀል ነው ትክክሉ። አንቴና ቀጥ ብሎ ሲቆም ሲግናሉ እንደተኛ የመኪና ጎማ ዙሪያውን ይሰራጫል፤ ከጫፉ በላይና ከሥሩ በታች ደካማ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ሁሉንም አንቴና ቀጥ ከማድረግ አንዱን ወደ ጎን ማስተኛት ለላይኛው ክፍል ይረዳል።

ቀጥሎ ቻናል ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሞ አፑን የሚከፍት ሰው የጎረቤት ስሞች ተደርበው ያገኛል። "አውቶ" የሚለው ምርጫ ራውተሩ ሲበራ አንዴ አይቶ ይመርጣል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቢቀይርም አያዩም። በእጅ ከሦስቱ ባዶ የሆነውን፣ ሁሉም ከተያዙ ደግሞ የጎረቤቱ ሲግናል የደከመበትን መምረጥ ይሻላል። 3 ወይም 8 ላይ ማስቀመጥ ከሁለት በኩል መረበሽን ማምጣት ነው። የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ይሁን፤ 40 ሲደረግ ወረቀት ላይ ያለው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፣ ሰፈሩ በተጨናነቀበት ቦታ ግን የሚያመጣው ረብሻ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ 80 ሜጋኸርዝ መጠቀም ይቻላል፤ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ለሁሉም ስልክ ይሠራሉ። ከ52 ጀምሮ እስከ 144 ያሉት ራዳር መኖሩን እያዳመጡ የሚሠሩ ስለሆኑ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ጥሎ ይሄዳል፤ ዋይፋዩ ድንገት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ስም የሚያዋህደው "ስማርት ኮኔክት" የሚባለው ምርጫ በርካሽ ራውተሮች ላይ ጥሩ አይሠራም። ስልኩ ሩቅ ሆኖ 5ን ሙጭጭ ይላል፣ ወይም ራውተሩ ሥር ሆኖ 2.4 ላይ ይቀራል። ለየብቻ ስም ሰጥቶ ሳሎን ላሉት 5ን፣ ለሩቁ ክፍልና ለካሜራ 2.4ን ማስያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ አሠካኩ እንለፍ። የፋይበር መስመር የገባለት ቤት አቅራቢው የሰጠው ሞደም አለው፤ እሱ ራሱ ራውተርም ዋይፋይም ነው። ደንበኛው አዲስ ራውተር ገዝቶ ኬብሉን ሲሰካ ሁለት ራውተር ተከታትሎ ይቀመጣል። ሁለቱም አድራሻቸው 192.168.1.1 ከሆነ አዲሱ ራውተር ከውጭ የመጣውንና የቤቱን መለየት ስለማይችል ኢንተርኔት አያሳልፍም፤ አንዳንዱ አዲስ ሞዴል ራሱ አድራሻውን ይቀይራል፣ አሮጌው ግን አይቀይርም። አድራሻቸው ቢለያይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ነገር ግን በሞደሙ ዋይፋይ ያለው ስልክ በአዲሱ ራውተር ላይ ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም፣ የደህንነት ካሜራን ከውጭ ማየትና አንዳንድ ጌሞችም ችግር ይገጥማቸዋል።

መፍትሔው አዲሱን ራውተር በአክሰስ ፖይንት አሠራር፣ ማለትም ራሱ አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ላፕቶፑን በኬብል ከአዲሱ ራውተር ጋር ብቻ ያገናኙ፣ ሥሩ ላይ በተለጠፈው አድራሻ ይግቡ፣ መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይቀይሩ። ከዚያ "ኦፕሬሽን ሞድ" ውስጥ "አክሰስ ፖይንት" የሚለውን መርጠው ያስቀምጡ፤ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ከዚህ በኋላ ከሞደሙ አንዱ ላን ፖርት (የቤቱ ኬብሎች ከሚሰኩባቸው) የመጣውን ኬብል ይሰኩበት። አድራሻውን አሁን የሚሰጠው ሞደሙ ስለሆነ በቀድሞው አድራሻ መግባት አይቻልም። ተበላሸ ብሎ ሪሴት መጫን እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት ነው፤ አዲሱ አድራሻ ሞደሙ ውስጥ በተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ይገኛል።

ይህ ምርጫ የሌለው አሮጌ ራውተርም አይጣልም። የሞደሙ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የራሱን ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩ፣ አድራሻ ማደያውን ማለትም ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፣ ከዚያ ኬብሉን ከሞደሙ ላን ወደ ራውተሩ ላን ይሰኩ፤ ዋን የሚለው፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካበትና ብዙ ጊዜ ቀለሙ የሚለየው ፖርት ባዶ ይቀመጥ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ዲኤችሲፒ ቀድሞ ከጠፋ ላፕቶፑ አድራሻ አጥቶ መልሶ ላይገባ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ የሞደሙ ዋይፋይ ይጥፋ፣ ወይም የተለየ ቻናል ላይ ይሁን።

ፒፒፒኦኢ በተባለው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በሚሠራ መስመር ላይ የራስን ራውተር ዋና ማድረግ የሚፈልግ ሰው አቅራቢው ሞደሙን ወደ ብሪጅ፣ ማለትም መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍ አሠራር እንዲቀይርለት መጠየቅ አለበት። ያኔ ኤምቲዩ የሚባለው የአንድ የመረጃ ጥቅል ትልቁ መጠን 1492 መሆኑ ይታይ። 1500 ላይ ከቀረ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ብዙዎች ይህን የመስመር መቆራረጥ ያደርጉታል።

የፋይበሩ ገመድ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሎስ የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል ብርሃኑ ሞደሙ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ራውተሩን መቶ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት አይረዳም። ከአቅራቢው በፊት የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ገመዱ በበር ሥር ተጨፍልቆ ወይም በሚስማር አካባቢ ታጥፎ እንደሆነ። በጣም ጠብቦ የታጠፈ ፋይበር ብርሃን ያፈሳል። አረንጓዴውን መሰኪያ ነቅሎ ጫፉን በጣት መንካት ወይም በልብስ መጥረግ ደግሞ ደህናውን ማበላሸት ነው። ዓይንንም ወደ ጫፉ አለማስጠጋት፤ ብርሃኑ አይታይም እንጂ አለ።

በመዳብ የስልክ መስመር ላይ የቀሩ ቤቶች ክረምት ሲገባ ዋይፋያቸውን ይጠራጠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከግንብ ውጭ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ዝናብ ስለገባበት ነው። ሞደሙ ውስጥ የኖይዝ ማርጂን የሚለው፣ ማለትም ሲግናሉ ረብሻን ለመቋቋም ያለው ትርፍ ከ6 ዲቢ በታች ከወረደ መስመሩ እየተቆረጠ ይመለሳል። እያንዳንዱ የስልክ ቀፎ በማጣሪያ በኩል መሰካቱም ይታይ፤ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቤት ብዙ ጊዜ ማጣሪያ የጎደለበት ነው።

ኬብል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሚናቅ፣ ግን ብዙ የሚያስጠፋ ነገር ነውና። ስምንቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ ናቸው። የመሰኪያውን መያዣ ምላስ ወደ ታች አድርገን ወርቃማ ጥርሶቹን ከላይ ስናይ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ መሆን አለበት። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሃል አድርጎ 3ኛና 6ኛ ላይ መከፈሉ ለጀማሪ ስህተት ይመስላል። ጥንዶቹን ጎን ለጎን በተርታ የሚደረድር ሠራተኛ ያጋጥማል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስላደረገው መብራት እያበራ የሚሞክረው ቴስተር "ደህና ነው" ይላል፣ በአጭር ርቀትም ይሠራል። ኬብሉ 20 ወይም 30 ሜትር ሲሆን ግን የአንዱ ጥንድ መረጃ ከሌላው ጥንድ ሽቦ ጋር ስለሚቀላቀል ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ግንኙነቱም ይቆራረጣል። ከስምንቱ አንዷ ብትበጠስም 1000 ሜጋ የነበረው ወደ 100 ሊወርድ ወይም ጨርሶ ሊቋረጥ ይችላል፤ 1000 ሜጋ ስምንቱንም ይፈልጋል። ሲገዙ ካት5ኢ ወይም ካት6፣ ሽቦውም ንጹሕ መዳብ ይሁን። አልሙኒየም ላይ መዳብ የተለበጠበት በርካሽ ይሸጣል፤ በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ብር መሳይ ነጭ ከሆነ ያ ነው። በቀላሉ ስለሚሰበር በግድግዳ ውስጥ መቅበር አያዋጣም።

ሩቁ ክፍል በምንም ካልደረሰ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት በኬብል ማድረስ ከሁሉም የሚሻል ነው። የሲግናል ማጉያ የሚባለው ሪፒተር ከዋናው ራውተር ጋር የሚነጋገርበትና ከስልኩ ጋር የሚነጋገርበት ሞገድ አንድ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከተገዛም ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ አይሰካ፤ የሌለውን አያጎላም። −65 አካባቢ በሚነበብበት በመሃል መንገድ ላይ ይቀመጥ።

ስለ ደህንነት ባጭሩ። ከዋይፋዩ የምስጠራ ምርጫዎች ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር ይመረጥ፤ ቲኬአይፒ ከተመረጠ ፍጥነቱ ራሱ ከ54 ሜጋ አያልፍም። ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከተደረገ አሮጌ ስልኮች አይገቡም፣ ድብልቁን መምረጥ ይቻላል። ያለ ፓስወርድ በአዝራር ወይም በፒን የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ ይዘጋ፤ ባለ ስምንት አኃዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚጣራ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚሰበር እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኗል። ቤት እንግዳ የማይጠፋበትና ተከራይ ያለበት ግቢ ከሆነ የእንግዳ ኔትወርኩን መክፈት ዋናውን ፓስወርድ ለሁሉም ከማደል ይሻላል። አክሰስ ፖይንት ላይ ግን በአንዳንድ ሞዴሎች እንግዳውን ከቤቱ ኮምፒውተሮች መለየቱ አይሠራም፤ ተሞክሮ ይታይ።

መብራት ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ቀጭን በሆነ የቤት ሽቦ ላይ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጤነኛ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይችለዋል፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር የደረቀ አሮጌ አዳፕተር ግን ያንን ቅጽበት አይሸከምም፣ ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ ኢንተርኔት የሚቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀየረው አዳፕተሩ ነው። ራውተርና ምጣድ በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ደግሞ ለእሳትም ያሰጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በሚከሰተው የቮልቴጅ መዝለል እንዳይቃጠል ለፍሪጅ የተገዛው ዓይነት መከላከያ ለራውተሩም ቢኖር ጥሩ ነው።

ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ሞደሙንና ራውተሩን ሁለቱንም ካልያዘ ግን ዋይፋዩ በርቶ ኢንተርኔት አይኖርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 8,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ 32 ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 26 ያህል ይቀራል። 6 ዋት የሚስብ ራውተር ብቻውን ከአራት ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ሞደም ተጨምሮ 12 ዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከመሰካት በፊት የሁለቱም ዕቃ አዳፕተር ላይ ያለው ቮልት ይነበብ። መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የ9 ቮልቱን ራውተር 12 ላይ መሰካት ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን የተቃጠለ ራውተር ነው።

የኤሲ1200 ደረጃ ራውተሮች ትልቁ ጉድለት ግን በማታ ይታያል። አንድ ስልክ ፎቶ ወደ ጉግል መጫን ሲጀምር የቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ይሞታል። የመጫኛው አቅም ትንሽ ስለሆነ ራውተሩ ወረፋውን ያለ ልክ ያከማቻል፤ የቪዲዮ ጥሪው ጥቅል ከፎቶዎቹ ኋላ ይሰለፋል። የትኛው መረጃ ቀድሞ እንደሚያልፍ የሚወስነው "ኪውኦኤስ" የሚለው ምርጫ ካለ የመጫኛው ጣሪያ በኬብል ከተለካው ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ይቀመጥ፤ የመጫን ፍጥነቱ በጥቂቱ ቀንሶ ጥሪው ይስተካከላል። ይህ የሚሠራው ራውተሩ ዋና ሲሆን ነው፤ አክሰስ ፖይንት ላይ አይሠራም። እንዲህ ያለ ምርጫ የሌለበት ራውተር ላይ ያለው አማራጭ የስልኮቹን የፎቶ ባክአፕ ወደ ሌሊት ማዛወር ነው።

ሌላው ጉድለት ፈርምዌሩ፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም ነው። ራውተሩ ከሣጥኑ ሲወጣ የያዘውን ፈርምዌር እንደያዘ ያረጃል፣ የተገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችም ሳይደፈኑ ይቀራሉ። ሲታደስ ሥሩ ላይ ካለው የሃርድዌር ቨርሽን ጋር የሚገጥመው ብቻ ይጫን፤ የአንዱ ቨርሽን ፋይል ሌላው ላይ ከተጫነ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል። በኬብል እንጂ በዋይፋይ አይሁን፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ዕቃው ስለሚሞት በዩፒኤሱ ላይ ተሰክቶ ይሠራ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። የራውተር ማስታወቂያ ስትቀበሉ አስመጪውና ሻጩ አብረው እንዲያሳውቁ ጠይቁልን፦ የዋን ፖርቱ 100 ነው ወይስ 1000፣ በሁለቱም ሞገድ ይሠራል ወይ፣ አክሰስ ፖይንት የመሆን ምርጫ አለው ወይ፣ የአዳፕተሩ ቮልትና አምፔር ስንት ነው፣ የሃርድዌር ቨርሽኑስ? አምስቱም በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ ይበቃሉ። እስከዚያው ገዢው ሣጥኑን ገልብጦ ጎኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብብ። ከፖርቱ ስም አጠገብ 10/100/1000 ካለ ፈጣኑ ነው፤ 10/100 ብቻ ካለ፣ ፊቱ ላይ ምንም ዓይነት ትልቅ ቁጥር ቢጻፍ፣ በኬብል ከ100 ሜጋ አያልፍም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቤት ኔትወርክ ዝርጋታ ባለሙያዎች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ